ቢንቢ ሁሉ አንድ አይደለም

ባለፉት ዐሥራ ጥቂት ዓመታት የድሬዳዋን ያህል በነፍሳት የተፈተነ የአገራችን ከተማ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ የከተማውን ሰው አልጋ ላይ ጣለው። በ2020 መባቻ የአንበጣ መንጋ መጣ። በ2022 ደግሞ ወባ ክረምቱን ሳይጠብቅ ተነሣ። አራቱም መከራ የነፍሳት ሥራ ነው፤ ሦስቱን ያመጣችው ደግሞ ቢንቢ ናት። ያም ሆኖ በከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ሲጠጣም ሆነ በርጫ ላይ ጨዋታ ሲደራ፣ ስለ ነፍሳት የሚወራው አብዛኛው ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ነው። ከዚያ ውስጥ እውነት የነካካው አለ፤ ጭራሽ የተሳሳተም አለ።

የነፍሳት ምደባ ከትምህርት ቤት ፈተና በኋላ የሚረሳ ነገር ይመስለን ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን «የምን ቢንቢ ናት?» የሚለው ጥያቄ የትኛው ዕቃ እንደሚከደን፣ በየትኛው ሰዓት መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግና ሐኪሙ ምን መጠርጠር እንዳለበት ይወስናል።

«የሚሳበውም የሚነድፈውም ሁሉ ነፍሳት ነው»

እግሩን ይቁጠሩ። ስድስት ከሆነ፣ ሰውነቱም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ከተከፈለ፣ ራሱ ላይ ጥንድ አንቴና ካለው ከነፍሳት መደብ ነው። ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር ስምንት እግር አላቸው፤ አንቴና የላቸውም። ስለዚህ ከነፍሳት መደብ ውጭ ናቸው። (መዥገር ሰው ታሳስታለች፤ ከዕንቁላል ስትወጣ እግሯ ስድስት ነው፣ የቀሩትን ሁለቱን የምታወጣው አንድ ጊዜ ቆዳዋን ከቀየረች በኋላ ነው።) በቆሎ የሚያወድመው ተምችም መልኩ ትል ይምሰል እንጂ ትል አይደለም፤ የእሳት ራት እጭ ነው። እውነተኛ እግሮቹ ከፊት ያሉት ስድስቱ ብቻ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ዝምድና መፈለግ ነው። ነፍሳት የሚባለው መደብ በክፍለ መደብ፣ ክፍለ መደቡ በአስተኔ፣ አስተኔው በወገን፣ ወገኑ በዝርያ ይከፋፈላል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው ሥራው ለእንስሳት ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጠ፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን የሚናገር ነው። በዚህ መንገድ ስም ያገኙት ነፍሳት እስካሁን አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ጢንዚዛዎች ብቻ ከ350 ሺህ ይበልጣሉ።

ዝምድና በመልክና በኑሮ ብቻ አይታወቅም። ምስጥ ንግሥት አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ወታደር አለው፤ ስለዚህ የጉንዳን ዘመድ ነው እንላለን። ዘሩ ሲመረመር ግን የሚመደበው ከበረሮ ጋር ነው። ጉንዳን ደግሞ ከንብና ከተርብ ጋር ነው። ቢንቢ ከቤት ዝንብ ጋር አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ትገባለች፤ ሁለቱም ያላቸው ክንፍ ሁለት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ነፍሳት የኋላ ክንፍ በሚያበቅሉበት ቦታ እነሱ ሲበሩ ሚዛን የሚጠብቁበት ትንሽ እንቡጥ አላቸው። የቢንቢ አስተኔ ለብቻው ከ3,500 በላይ ዝርያዎች አሉት።

«አንበጣ ሌላ፣ ፌንጣ ሌላ»

ፌንጣ ሁሉ አንበጣ አይሆንም፤ አንበጣ ግን ፌንጣ ነው። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር መልኩ አፈር የሚመስል፣ ከብጤው የሚሸሽ፣ ማንም ልብ የማይለው ፌንጣ ነው። ዝናብ ዘንቦ በረሃው ሲለመልም ይራባል፤ ሣሩ ሲያልቅ በቀረችው ለምለም ቦታ ይጠጋጋል። የኋላ እግሮቹ ደጋግመው ሲነካኩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይሸሸው የነበረውን ብጤውን መፈለግ ይጀምራል። ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ጥቁርና ቢጫ ይሆናል፣ ተሰልፎ መጓዝም ይጀምራል። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለ ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሉ የነበሩ አንበጦች አንድ መሆናቸውን ያስረዳው በ1921 ነው። በ2009 ደግሞ ለውጡን የሚቀሰቅሰው ሴሮቶኒን የተባለው፣ በእኛም አንጎል ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ።

አንበጣ ሲመጣ መቅሠፍት ነው ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በዚያ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። መነሻው ግን የሚታወቅ ነው። በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ፤ ሰው በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ አንበጣው ሳይታይ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ የመንን አቋርጦ ወደ እኛ ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) የገና ሰሞን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል መንጋው ገጥሞት ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገደደ። ቦታው ይህ መሆኑ የሚደንቅ አይደለም፤ በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከጣቢያዎቹ አንዱን ድሬዳዋ ላይ የተከለው የአንበጣው መንገድ በዚህ ስለሚያልፍ ነው።

«ወባ ከእሸት በቆሎ ይመጣል»

ይህን የሚሉ ሰዎች አይሳቅባቸው። ወባ የሚመጣው ፕላዝሞዲየም ከሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰውም አኖፌለስ የምትባለው የቢንቢ ወገን ብቻ ናት። ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ጥገኛውን በቢንቢ ሆድ ያየው በነሐሴ 1897 ነበር። በቆሎ መብላት ማንንም ወባ አያስይዝም።

የበቆሎው ነገር ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። አገራችን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች የበቆሎ አበባ ዱቄት ነፋስ ሲወስደው ኩሬ ላይ እንደሚያርፍ፣ የአኖፌለስ እጮችም ያን በልተው ቶሎና በደንብ እንደሚያድጉ አሳይተዋል። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ በተደረገ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች ወባው በርትቶ ተገኝቷል። ገበሬው በቆሎው ሲደርስ ወባ እንደሚመጣ ያየው በትክክል ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው።

ሌላውን የተሳሳተ ወሬ በአጭሩ ልለፈው፦ ቢንቢ ኤችአይቪ አታስተላልፍም። ቫይረሱ ሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል እንጂ አይራባም።

«ወባ የገጠርና የክረምት በሽታ ነው»

ይህ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። በኢትዮጵያ የወባ ዋና አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። የምትፈለፈለው ዝናብ ባቆረው ውኃ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ ወንዝ ሲጎድል ዳርና ዳር በሚቀረው ኩሬ ነው። ስለዚህ ሐኪሙም ነዋሪውም ወባን የሚጠብቁት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከከተማ ወጣ ካለ ቦታ ነበር።

ቀመሩን ያፈረሰችው ከእስያ የመጣች እንግዳ ናት፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የተመዘገበባት የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2018 በተደረገ አሰሳ ደግሞ ድሬዳዋ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰመራ፣ ጎዴ፣ አማራ ክልል ውስጥም ባቲ ላይ ተያዘች።

ይህች ቢንቢ ኩሬ አትጠብቅም። ሕንድ አገር የለመደችው የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ድሬዳዋም ያንኑ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ቧንቧ ፈረቃ በሆነበት ከተማ በየግቢው በርሜል አለ፣ በየጣሪያው ሮቶ አለ፣ በየግንባታው ለሲሚንቶ ማቡኪያ የሚሆን ውኃ የተጠራቀመበት ጉድጓድ አለ። እነዚህ በበጋም አይደርቁም፤ እንዲያውም ውኃ ሲጠፋ ነው ሰው አብዝቶ የሚያጠራቅመው።

ከ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ሚያዝያ እስከ ሐምሌ የሆነው ይኸው ነው። ወባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማደሪያ ጨምሮ ከተማው ውስጥ ተነሣ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በየሕመምተኛው ቤት ዙሪያ ሲያስሱ ወባው የተከማቸው ስቴፈንሲ ባለችባቸው ግቢዎች አካባቢ ሆኖ አገኙት፤ ከተያዙት ቢንቢዎች ውስጥም ጥገኛውን የተሸከሙ ነበሩ። የሚያሳስብ ሌላም ነገር አገኙ፦ ጥገኛው አርቴሚሲኒን የተባለውን ዋናውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም፣ ከተለመደው ፈጣን መመርመሪያም የማምለጥ ምልክት ነበረው። ጥናቱ በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ ወጣ፤ በአፍሪካ ከተማ ውስጥ ለተነሣ ወባ ስቴፈንሲን ተጠያቂ ያደረገ እስከዚያ ድረስ ከታዩት ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ይኸው ነው። እንግዲህ አንዲት ዝርያ ብቻ ተቀይራ ወቅቱም፣ ቦታውም፣ መከላከያውም ተቀየረ። አጎበር መተው የለበትም፤ ግን ስቴፈንሲ ገና በጊዜ፣ ሰው ደጅ ተቀምጦ ነፋስ ሲቀበልም ትነክሳለች፤ በዚያ ላይ በአጎበሩ ውስጥ ያለውን ዓይነት መድኃኒት ለምዳለች።

«ቢንቢ የምትነክሰው ማታ ነው»

የ2019ኙን ቺኩንጉንያ ያሰራጨችው ኤዴስ ኢጂፕታይ የምትነክሰው ቀን ነው፤ በተለይ ረፋድ ላይና ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል። ደንጊም የእርሷው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወደቀ። የወባ መድኃኒት ለዚህ በሽታ ምንም አይፈይድም። ደንጊ በተጠረጠረ ጊዜ ደግሞ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያባብሱ አይወሰዱም።

ወንዱ ቢንቢ፣ የየትኛውም ዝርያ ቢሆን፣ አይነክስም፤ የሚኖረው በአበባ ማር ነው። ሴቷ ደም የምትፈልገው ዕንቁላል ለማፍራት ነው። አኖፌለስ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ዝቅ፣ ጭራዋን ከፍ አድርጋ ትዘነበላለች፤ ክንፏም ዥንጉርጉር ነው። ኤዴስ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ነው የምታርፈው፤ እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አለ። ግን የምትበር ቢንቢ ለማን ቆማ ትታያለች? የሚሻለው በርሜሉ ውስጥ ማየት ነው።

የስልክዎን መብራት ይዘው ሳይነካኩ ውኃውን ይመልከቱ፤ ጥላዎ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉና ቀስ ይበሉ። እጩ ከውኃው ገጽ ሥር እንደ ተጋደመ ከተንሳፈፈ አኖፌለስ ነው፤ ጭራው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ተጋድሞ ነው የሚተነፍሰው። ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ጭራው ላይ ባለው ቱቦ ከውኃው ገጽ ተንጠልጥሎ ካዩት ኤዴስ ወይም ኩሌክስ ነው። ከእጩ ጋር የእንግሊዝኛውን ነጠላ ሰረዝ (,) የሚመስል፣ የሚወራጭ ነገር ካለ ሙሽሬው ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ቢንቢ ሆኖ ይወጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ከዕንቁላል እስከ በራሪ ቢንቢ ያለው ጉዞ ከሳምንት ብዙም አይበልጥም።

ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። ኤዴስ ዕንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው መስመር በላይ፣ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ ዕንቁላሉ ደርቆ ወራት ቆይቶ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን በሳምንት አንድ ጊዜ አራግፈው ውስጡን በብሩሽ ይፈትጉ፤ ሊደፉት የማይችሉትን ሮቶ ቀዳዳ በማይተው ክዳን ወይም በወንፊት ይሸፍኑ። አሮጌ ጎማ ግቢ ውስጥ አይተዉ። ትኩሳት ሲነሣ ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት አይግዙ፤ ይመርመሩ፣ ውጤቱ ነፃ ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ ይመለሱ። የተጋደመ እጭ ካገኙም በጠርሙስ ቀድተው፣ ከድነው ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያሳዩ።