የመጀመሪያይቱ ጠላ

በአገራችን ቤት እንግዳ ሲመጣ፥ ማኅበር ሲጠጣ፥ ልጅ ሲዳር፥ ሙትም ሲታሰብ ጠላ የማይቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚጠጣው ሰው ብዙ ሲሆን፥ እንዴት እንደሚጠመቅ አጣርቶ የሚያውቀው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄዷል። በከተማ የሚኖር ሰው ብቅሉን ከገበያ፥ ጠላውንም ከጎረቤት ገዝቶ ጉዳዩን መፈጸም ስለሚችል፥ የእናቶቻችን ሙያ ሳናስበው ከእጃችን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ስጠምቅ ያገኘኝን ነገር፥ ስሕተቴንም ሳልደብቅ፥ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ።

ትዳር በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት ባለቤቴን የማኅበር ተራ ደረሰው። እኔ በትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ መጽሐፍ ማንበብና ደብዳቤ መጻፍ እንጂ ጋን ማጠን አላውቅም ነበር። ዳሩ ግን «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝና ከዚህም ከዚያም የሰማሁትን አሰባስቤ ሥራውን ብቻዬን ጀመርሁ። ጥንስሱ ገና ሁለት ቀን ሳይሞላው፥ በዓሉ የሚቀድመኝ መስሎኝ፥ እንኩሮውን ከምጣድ እንደ ወጣ ትኩሱን ገለበጥሁበት፤ ጋኑንም በዚያው ዕለት መረግሁት። በሳምንቱ ስከፍተው ሽታው እንደ ሆምጣጤ የኮመጠጠ ነበር። ለማኅበርተኞቹ የቀረበው ጠላ ከጎረቤት የተገዛ ሆነ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ነገር ግን አማቴ ዋንጫውን ቀምሰው «ይህ የማን እጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ አጣሁ። የዚያን ቀን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ በሙያቸው የታወቁ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡ። የሆነውን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ፥ «ልጄ፥ ጥንስስ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ትኩስ ሲያፈሱበት ይሞታል» አሉኝ። ለፋሲካ አማቴ እንደሚመጡ በሰማን ጊዜም ቤቴ እየተመላለሱ ያስተምሩኝ ጀመር። እርሳቸው በእፍኝና በዓይን ይለካሉ፤ እኔ ግን የተለካውን ሁሉ በሚዛን እየመዘንሁ በወረቀት ጻፍሁት። ጠቅላላው መጠን ገብስ 10 ኪሎ፥ ብቅል 2 ኪሎ፥ ጌሾ 1 ኪሎ፥ ውሃ 35 ሊትር ያህል ነበር።

ሥራው የሚጀመረው ከብቅሉ ነው። ገብሱን ለቅመንና አጥበን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዘፈዘፍነው፤ ከዚያም ውሃውን አጥልለን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ድንጋይ ጫንንበት። በአራተኛው ቀን ሥሩ አድጎ እርስ በርሱ ተያይዞ ስላገኘነው፥ በታትነን በፀሐይ አደረቅነውና አስፈጨነው። ሻጋታ ያበቀለ ብቅል ለጤና አደገኛ ስለ ሆነ ይጣላል እንጂ ጨርሶ አይገባም። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጥ ኀይል ያወጣል። ይህንም ኀይል አንሰልም ፓያንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ከብቅል ለይተው አውጥተው ዲያስታስ ብለው ሰይመውታል። ብቅል የሌለበት ጠላ የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ እርሾው የሚመገበው ስኳሩን ነውና።

ሁለተኛው ነገር የዕቃው ንጽሕና ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግመን አሸነው፤ አለቅልቀንም ካደረቅነው በኋላ በወይራ እንጨት ጢስ ላይ ደፍተን አጠንነው። ጢሱ መልካም ሽታ ከመስጠቱ በላይ በጋኑ ገላ ውስጥ ተሸሽገው የሚቀሩትን የሚያኮመጥጡ ረቂቅ ነፍሳት ይቀንሳል። በዛሬው ጊዜ በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቅ ሰው ማጠን ባይችልም፥ ማጠቡን ግን ሊያቃልለው አይገባም።

ከዚህ በኋላ ጥንስሱ ተጣለ። ግማሹን ጌሾ፥ ይኸውም ደርቆ የተወቀጠውን ቅጠል፥ ከጥቂት ብቅል ጋራ በ5 ሊትር ውሃ በጥብጠን ከደንነው። ጌሾ ለጠላ ምሬት ይሰጠዋል፤ ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ያግዘዋል። በፈረንጅ ቢራ ይህን ሥራ የሚሠራው ሆፕ የሚባለው ተክል ነው። በሦስተኛው ቀን አረፋ ብቅ ብቅ ሲል አየሁና ጎረቤታችን ነፍስ አለው ያሉት ነገር ገባኝ። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ የመጠጥ መፍላት የሕያው እርሾ ሥራ መሆኑን፥ መበላሸቱም ከሌሎች ረቂቅ ነፍሳት የሚመጣ መሆኑን አስረድቷል። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት እርሾውን ይጎዳዋል፥ ይገድለዋልም። በእኔ ጋን ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር፤ እርሾው ሲሞት ስፍራውን የሚያኮመጥጡት ያዙት።

በአራተኛው ቀን ከ4 ኪሎ የገብስ ዱቄት ቂጣ ጋገርን፤ እስኪጠቁር ሳይሆን ደኅና አድርጎ እስኪቀላ ድረስ ነው። ቂጣው ሲበርድ ቆራርሰን፥ ከቀረው ብቅልና ከተከተከተው የጌሾ እንጨት ጋራ በጥንስሱ ላይ ጨመርን፤ ውሃም እያከልን አማሰልነው። ይህ ድፍድፍ ይባላል። በነጋታው የቀረውን 6 ኪሎ ገብስ ቆልተን አስፈጨን፤ ዱቄቱንም ውሃ እያርከፈከፍን በምጣድ አምሰን እንኩሮ አደረግነው። የተቆላው ገብስ ለጠላው ቀለሙንና ጣዕሙን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ቃጠሎው የማብቀሉን ኀይል ስላጠፋው ያለ ብቅል ብቻውን አይፈላም። እኔ ወዲያው ልጨምረው ስል ጎረቤታችን እጄን ያዙኝና፥ «እጅሽን ክተቺበት፤ ሙቀቱ ከተሰማሽ ገና ነው» አሉኝ። በሰፌድ ዘርግተን እስኪቀዘቅዝ ድረስ እስከ ማታ ጠበቅን።

ድፍድፉ አራት ቀን ፈላ። ጆሮ ሲያስጠጉት እንደ ዝናብ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ጋኑ በስሱ ይከደናል እንጂ አይመረግም፤ የሚወጣው አየር መውጫ ካጣ ጭቃውን ይሰነጥቀዋል፥ ጋኑንም ሊያፈነዳው ይችላል። ድምፁ ጋብ ሲል የቀረውን ውሃ ሞላንበትና አፉን በጭቃ መረግነው። በሦስተኛው ቀን ስንከፍተው አንባሻው ወደ ታች ዘቅጦ ከላይ የጠለለው እንደ ቡና ቀልቶ ታየ። ከላይ የተቀዳው ለእንግዳ ሆነ፤ በድፍድፉ ላይ እንደ ገና ውሃ ተጨምሮ የወጣው ቅራሪ ለቤተ ሰብ፥ አተላውም ለከብት ሆነ። ከዚህ ሁሉ የሚጣል ነገር አልተገኘም።

በፋሲካ ማግስት አማቴ መጡ። እንደ ልማዱ በመዳፌ ጥቂት አፍስሼ ከቀመስሁ በኋላ ቀድቼ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ ቀመሱ፤ እንደ ገናም ቀመሱና እንደ ፊተኛው «ይህ የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከእኔ ቀድሞ ባለቤቴ «የምራትዎ እጅ ነው» አላቸው። አማቴም ዋንጫውን መልሰው ዘረጉልኝና «እንግዲያውስ ድገሚኝ» አሉ።

የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ ቀላል ነው ብሎ ያለ ልክ መጠጣት፥ ለልጆችም መስጠት አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምር፤ ጥቂት ይጥመቅ፤ የሠራውንም በየቀኑ ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ ግን በሙያ የታወቁ እናት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው «አላውቅም» ለማለት አይፈር። እኔን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የእጃቸው ልክ ግን በዚያች ወረቀት ተጽፎ በቤቴ ይገኛል፤ ልጄም ከእርስዋ ላይ እያነበበች ትጠምቃለች።