ተጨማሪ መረጃ፦ መንገድ ስም ያወጣላት ከተማ

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ የምትጠራው ወጀት ተብላ ነበር። አሁን የምትታወቅበትን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል አልፈው ነበርና። «ፍኖት» በግእዝ መንገድ ማለት ስለሆነ ስሙ «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም አለው።

ጉዞው የተጀመረው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር፣ ኦሜድላ ላይ ነው። የጎጃም አርበኞችና በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው «የጌዴዎን ጦር» በየካቲት ወር ጣሊያንን ከቡሬ አስለቀቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ዋና ከተማዋም ይህንኑ ታሪክ በስም ይዛዋለች። አራት ኪሎ የሚገኘው አደባባይ «ሚያዝያ 27» ተባለ፤ አንድ ትምህርት ቤት የጄኔራል ዊንጌትን፣ አንድ ሰፊ ጎዳና ደግሞ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችልን ስም አገኙ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያቋርጣል። ከቡሬ የሚገነጠለው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይደርሳል።