የሐዋሳ አሥር ዓመት በደመወዝ ወረቀት ሲነበብ

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። አንድ የቻይና ሥራ ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ ያቆመው፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 52 የማምረቻ ሼዶች ያሉት ግቢ ነው። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያስመርተው የአሜሪካው ፒቪኤች ኩባንያ ገባ፤ የእስያ አምራቾችም ተከተሉ። መንግሥት በፓርኩ 60 ሺህ ሰው ሥራ ያገኛል ብሎ አቀደ። ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለውን የሐዋሳን ዘመን የሚተርክ ሁሉ ከዚህ ቀን ይነሣል። ለውጡን ከሥር ለመረዳት ለሚሻ አንባቢ ግን እኔ የማሳየው የአንዲት ጀማሪ ልብስ ሰፊ የደመወዝ ወረቀት ነው።

በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት መነሻ ደመወዙ በወር 750 ብር ገደማ ነበር። እንቁጠረው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ያለውን ደመወዝ ነፃ አደረገ፤ በቀሪው 150 ብር ላይ 10 በመቶ ሲታሰብ 15 ብር ይቆረጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ደግሞ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ ይወስዳል፤ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። እጇ የሚገባው 682 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አንዳንዱ ፋብሪካ ምሳ ያበላል፣ በሰርቪስ ያመላልሳል፣ ከሥራ ሳይቀሩ ለከረሙም ጉርሻ ይሰጣል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ሳሙና፣ ለእናት የሚላከው፣ ዕቁቡ፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣል።

ይህ ወረቀት ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛውን ብዙ ተቺዎች ይዘሉታል። ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከዚያ በፊት ቤተሰቧ ማሳ ላይ ስትሠራ ደመወዝ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። አሁን በስሟ የባንክ ደብተር ተከፈተ፣ ግብር ከፋይ ሆነች፣ አሠሪዋ በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍልላታል። በራስ ስም ገንዘብ መቀበል፣ ከዚያም ላይ ለታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ወጪ መላክ፣ በቤተሰብ ውስጥ የሰውን ቦታ ይለውጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ አይበቃም የሚል ነው። በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል የወጣ ጥናት ይህን መነሻ ደመወዝ ወደ 26 ዶላር መንዝሮ፣ ከዓለም ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፈ። ያው ጥናት እንዳሳየው፣ ፓርኩ ሥራ በጀመረ ሰሞን ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው ለመተካት ይገደዱ ነበር። ከአሠሪዎች በኩል የሚሰማው ማብራሪያ ልጆቹ የፋብሪካ ሥነ ሥርዓት አልለመዱም የሚል ነበር። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዝናብና በአዝመራ ሲመራ የኖረ ሰው በደወል ለመመራት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የቀረው 682 ብር ነው እላለሁ። ልጆቹ ደምረው ቀንሰው አይተውታል።

ስሌቱን ከሁሉ በላይ ያበላሸው ቤት ነው። ፓርኩ ሼድ ተሠራለት፤ ቆሻሻ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምና ወደ ሐይቁ ጠብታ እንዳይወርድ የሚያደርግ ዘመናዊ ማጣሪያ ተሠራለት፤ ይህ ሐይቅ ዳር ላለች ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ለአሥር ሺዎች የሚሆን መኝታ ግን አብሮ አልተሠራም። ስለዚህ ሦስትና አራት ልጆች አንድ ክፍል ተጋርተው ተከራዩ፣ አንዱን ፍራሽ ለሁለት ተካፈሉ። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ባለቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ረድፍ የጭቃ ቤት ሠርተው አከራዩ፤ ኪራዩም ጨመረ። ማታ ከፈረቃ ወጥቶ በጨለማ መንገድ እስከዚያ ክፍል መድረስ ራሱን የቻለ ሥጋት ነበር።

እዚህ ላይ አሜሪካን ማስታወስ ይጠቅማል። በማሳቹሴትስ ግዛት ሎዌል በምትባል ከተማ ከ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥጥ ፋብሪካዎች ሲቆሙ፣ የተቀጠሩት በብዛት የገበሬ ሴት ልጆች ነበሩ። የሎዌል ባለሀብቶች አባቶች ልጆቻቸውን እንዲልኩላቸው ሲሉ ከፋብሪካው አጠገብ ማደሪያ ቤቶች ሠሩ፣ ተቆጣጣሪ ሴት ሾሙባቸው፣ መግቢያ ሰዓት ወሰኑ። ቁጥጥሩ ጥብቅ ነበር፤ ልጆቹም ዝም ብለው አልተቀበሉትም። በ1834 ደመወዝ ሲቀነስ፣ በ1836 ደግሞ የማደሪያው ክፍያ ሲጨምር ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ይሁንና ከ180 ዓመት በፊት አንድ የግል ኩባንያ ያሰበበትን የመኝታ ጉዳይ እኛ በ2008 ዓ.ም. ፓርክ ስናቅድ ለኋላ ማቆየታችን ያሳዝነኛል። በዚያ ዘመን የተከፈለው ዋጋ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት የከተማዋ መንግሥታዊ ማንነትም ተለወጠ። በኅዳር 2008 የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። የክልልነት ጥያቄው እየበረታ ሄዶ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ወጣቶች ክልሉን በራሳቸው እናውጃለን ያሉበት ቀን ሆነ፤ ያ ሰሞን በሐዋሳና በዙሪያዋ ደም ፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮች ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለክልልነት ድምፅ ሰጡ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ለሲዳማ ሕዝብ የረዥም ዘመን ጥያቄ መልስ ነበርና የደስታው ልክ በቃላት አይለካም።

ሌላም ሐዋሳ ነበረች። ለሩብ ምዕተ ዓመት ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆና፣ ከአርባ ምንጭም ከቦንጋም ከሆሳዕናም የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው ኖረውባታል። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ክልል ተለየ፤ በነሐሴ 2015 ቀሪው ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ መነሣት ወይም ቤተሰቡን ትቶ መመላለስ ነበረበት። ስለ ክልሎች መመሥረት ሲጻፍ ስለዚህ ጓዝ ብዙ አይወሳም።

ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። ፋብሪካዋ ወደ ሐዋሳ የመጣበት ትልቁ ምክንያት አጎዋ ነበር፤ አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ዋሽንግተን ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አስወጣች። ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ወደ 35 ሺህ ደርሶ የነበረው የፓርኩ ሠራተኛ ቁጥር አሽቆለቆለ። ውሳኔው የተሰጠው መንግሥትን ለመቅጣት ነው፤ ቅጣቱን የከፈለችው ግን በጦርነቱ እጇ የሌለባት ልጅ ናት። ይህን ፍትሕ ነው ማለት አልችልም።

ሥራቸው ላይ የቆዩትንም ኑሮ አላስቀመጣቸውም። ፓርኩ ሲመረቅ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ ዓመቱ ሳይዞር ከ130 አለፈ። የቁጥር ደመወዝ ጨምሯል፤ ነገር ግን ዘይቱም ጤፉም ኪራዩም ቀድሞት ሄዷል። ከግብር ነፃ የሆነው 600 ብርም ለዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 መጨረሻ ነው።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ የግል ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ አልተወሰነም ነበር። በሐዋሳ የምትማሩና የምታስተምሩ ሁሉ፣ የዚህን ዘመን ታሪክ መጻፍ ስትጀምሩ ወደ ተከራይ ክፍሎቹ ሂዱ፤ ፓርክ ውስጥ ሠርተው የወጡትን ልጆች ጠይቁ፣ የደመወዝ ወረቀታቸውን ካልጣሉት ቅጂ ውሰዱ። እነሱ ዛሬም ገና ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉንም ያስታውሳሉ።