ኮማንድ ፖስትም የማይነካቸው መብቶች

የመተከል ዞን በ2013 ዓ.ም. በኮማንድ ፖስት ሥር ከገባ ወዲህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ «ኮማንድ ፖስት ካለ መብት የለም» ማለት የተለመደ ሆኗል። በሌላ ወገን ደግሞ «መብት መብት ነው፤ ማንም ሊገድበው አይችልም» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ተሳስተዋል። ምንም ገደብ የማይነካቸው መብቶች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምንጮኽላቸው እነሱ አይደሉም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአስቸኳይ ጊዜ መብቶችን እንዲያግድ ይፈቅዳል። ሰዓት እላፊ ይታወጃል፣ ስብሰባ ይከለከላል፣ መንገድ ይዘጋል። ያው አንቀጽ ግን አንቀጽ 1ን፣ 18ን፣ 25ንና የአንቀጽ 39ን የመጀመሪያ ሁለት ንዑስ አንቀጾች «አትንኩ» ይላል። ከነዚህ መካከል ለተራው ሰው ከሁሉ የሚቀርበው አንቀጽ 18 ነው፤ ጭካኔን፣ ኢሰብአዊ አያያዝን፣ ባርነትንና በሰው መነገድን የሚከለክለው።

አሶሳ የባርነትን ክልከላ ትርጉም ከየትም በላይ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዢ ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። በእሳቸው ዘመን ከቤኒሻንጉል ወደ ማእከል ይጓዝ የነበረው ግብር ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበረበት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ግን ነፃነቱን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበር። ባርነት ሕጋዊነቱን ጨርሶ ያጣው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። «ቀስ በቀስ» በቆየባቸው በእነዚያ ዓመታት በሙሉ ሰው ተይዞ ኖሯል። አንዳንድ መብት ከነጭራሹ ድርድር የማይገባው ለዚህ ነው፤ ገደብ ከተፈቀደለት የሚቀረው ነገር የለም።

«ጠላት ጥቃት ከፈጸመ ግን ሌላ ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. በመተከል ጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ የሆነውን እናስታውስ። በዋዜማው በተጣለ ደፈጣ የጸጥታ አባላትና ሲቪሎች ተገድለው ነበር። በማግስቱ የተያዙ ሰዎች ተገደሉ፤ አንዱ በሕይወት እያለ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እንደተሳተፉበት አስታወቀ። የደፈጣው ሐዘን እውነት ነበር፤ ገዳዮቹን መያዝና ለፍርድ ማቅረብም ይገባ ነበር። አንቀጽ 18 ግን «ካልተበሳጨን በስተቀር» አይልም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2010 እ.ኤ.አ. በአንድ የጀርመን ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል፤ ፖሊሶች የታገተ ሕፃን ለማዳን ብለው ተጠርጣሪውን «እናሠቃይሃለን» ብለው ማስፈራራታቸው እንኳ የኢሰብአዊ አያያዝን ክልከላ የጣሰ ነው ብሏል።

እዚህ ላይ ግን ሕግ የተማረውም የሚስተው ልዩነት አለ። የማይታገድ መብት ሁሉ ገደብ የለሽ አይደለም። በራሱ በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራ ክልከላ የእስረኛን ሥራ አይጨምርም። በአንቀጽ 25 የሰፈረው እኩልነትም በምን ይለካል ለሚለው ምርጡ ምሳሌ ከዚሁ ክልል የተነሣ ክርክር ነው።

በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ያልሆኑ ዕጩዎች የበርታ ብሔረሰብን ቋንቋ፣ በርታኛን፣ አይችሉም በሚል ተቃውሞ ቀረበባቸው፤ ምርጫ ቦርድም ከውድድር አስወጣቸው። የወቅቱ የምርጫ ሕግ ዕጩው የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንፃሩ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ያለ ቋንቋ ልዩነት ለሁሉም ይሰጣል። አቤቱታው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አብዛኞቹ አባላት የሕጉ ድንጋጌ ይሻር አሉ። ምክር ቤቱ ግን በ1995 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ያዘ። ቋንቋ መጠየቁ በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ፤ ምክር ቤት ገብቶ መናገርና መስማት የማይችል ሰው ሕዝቡን ሊወክል አይችልምና። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ፣ አማርኛ የሚያውቅን ሰው በርታኛ ባለማወቁ ማስወጣት ስሕተት ነው ብሎ ወሰነ። ገደቡ ልኩን አገኘ ማለት ነው። እኔ ውሳኔውን ትክክል ነው እላለሁ፤ የዘገየው ፍትሕ ግን ያንገበግባል፤ ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

«ቢያንስ በሕይወት የመኖር መብት ፍጹም ነው» የሚሉም ብዙ ናቸው። አንቀጽ 15 ግን በከባድ ወንጀል የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል። የሚገርመው ደግሞ በሕይወት የመኖር መብት በአንቀጽ 93 ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሕይወትን በዘፈቀደ ማጥፋትን ይከለክላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነውና ክፍተቱን ይሞላዋል። ይህ ለሕግ ባለሙያ ይበቃ ይሆናል፤ ለአንድ የመተከል ቡለን ገበሬ ግን ሩቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚሻሻልበት ቀን ከመጣ አንቀጽ 93 ላይ ቁጥር 15 እንዲጨመር እጠይቃለሁ።