ክረምት ሾዋክ ሲገባ፦ ጭቃው፣ ዝንቡና ወንዙ

በመተማና ገላባት በኩል ከብትና ግመል ይዞ ወደ ገዳሪፍና ሾዋክ የሚሻገር ነጋዴ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከገበያው ዋጋ እኩል ወቅቱን መከታተል አለበት። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት በሰኔ ይጀምራል፤ በሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፤ በመስከረም እየሳሳ ይሄዳል። በነዚህ ወራት ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ፤ ሦስቱም ኪስ ይነካሉ።

የመጀመሪያው መሬቱ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ውሃው መስረግ ያቅተውና ላዩ ላይ ይተኛል። አንድ ከባድ ዝናብ ከአስፋልት ውጭ ያለውን መንገድ ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ችግሩ ያለው እንስሳቱ ከተሰበሰቡበት መንደር እስከ አስፋልቱ ድረስ ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ባደረ ቁጥር የመኖው ወጪና የእረኛው ክፍያ ይጨምራል፤ ከብቱም ይከሳል። ግመል ደግሞ መዳፉ ለአሸዋ እንጂ ለጭቃ አልተሠራም፤ ተንሸራቶ እግሩ ከተከፈተ ዳግም ላይነሳ ይችላል።

ሁለተኛው ዝንቡ ነው። ዝናቡን ተከትለው የሚፈሉት ትልልቅ ተናካሽ ዝንቦች ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሱራ የተባለውን የደም በሽታ ያስተላልፋሉ። በሽታው ግመልን ቀስ በቀስ ይጎዳል፦ ትኩሳቱ መጣ ሄድ ይላል፤ ሻኛው ይሟሽሻል፤ ያረገዘችው ትጨነግፋለች። አርቢዎች በክረምት መንጋቸውን ወደ ሰሜን፣ ዝናቡ ወደሚቀንስበትና መሬቱ ወደሚደርቅበት የቡጣና ሜዳ የሚነዱት ከጭቃውና ከዝንቡ ለመሸሽ፣ ከአዲሱ ሣርም ለመጠቀም ነው። ስለዚህ በነሐሴ ገበያው ላይ ግመል ቢያንስ መንጋው ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። በክረምት ግመል ሲገዙ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው፤ ከነጣ ደም አንሶታል፤ ሳያስመረምሩ ዋጋ መቁረጥ አይገባም።

ሦስተኛው ወንዙ ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም እሱ ነው። በሾዋክ የሚያልፈው አትባራ ውሃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጓንግና አንገረብ ከጎንደር አካባቢ፣ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜ ደግሞ ከላስታ በኩል ይመጣሉ። ጎንደር ላይ የጣለው ዝናብ ሰማዩ ጠርቶ በሚታይበት ቆላ ወንዙን ይሞላዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ሰኔ ወር ከሾዋክ በታች በደረቀው የአትባራ ዳር አድሮ ነበር። እሱ ባለበት ጠብታ ሳይዘንብ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ አሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች እየተሯሯጡ ወጡ፤ ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ከሾዋክ በላይ በ2009 ዓ.ም የተመረቁት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ውሃውን ይይዛሉ። ይህ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያመጣል። ከግድቡ በታች የወንዙ ከፍታ የሚወሰነው በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በሮቹ በሚከፈቱበት ጊዜም ነው። ከግድቡ በላይ ደግሞ ድሮ በእግር ይሻገሩበት የነበረው ቦታ በሐይቁ ተውጧል። ስለዚህ የአባቶችን መሻገሪያ ከማመን በፊት በዚያ ሳምንት የተሻገረ የአካባቢ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

መስመሩ ክፍት በሆነበት ዓመት አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ በበጋ የተሰበሰበውን ከሰኔ በፊት አስፋልት ላይ ማድረስ፤ በሐምሌና ነሐሴ ከአስፋልት የራቀ ግዢ አለመዋዋል፤ ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ሲደርቅና መንጋው ሣር ጠግቦ ሲመለስ መግዛት። በግንቦት የከሳ ከብት በርካሽ ይገኛል፤ ያ ርካሽ ግን ጭቃ ውስጥ ካደረ ከሁሉ ውድ ይሆናል።