ስለ ባቡር ፉርጎ አምሳያዎች ታማኝነት



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለደጋው ሰው ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በመንዝ ደጋ ላይ የባቡር ሐዲድ የለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሃራ ገበያ የተዘረጋው መስመር እንኳ የሚያልፈው ከደጋው ግርጌ፣ በምሥራቁ ቆላ ነው። ይሁን እንጂ ርእሱን ወደዚህ ያመጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ለገሃር አጠገብ ያደገ ሰው አንዲት ትንሽ የፉርጎ አምሳያ ሲያይ የሚያውቀውን ያስታውሳል፤ አምሳያዋ ብትሳሳት ትዝታው ያርማታል። ባቡር አይቶ ለማያውቅ የመሐል ሜዳ ተማሪ ግን አምሳያዋ ብቸኛ ምስክር ናት። ስለዚህ ተመልካቹ ከአብነቱ በራቀ መጠን የአምሳያው የታማኝነት ዕዳ ይከብዳል።

አብነት የምለው አምሳያው የተቀዳበትን እውነተኛውን ነገር ነው። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ የገጹን መጠን ሊያሳንስ ይችላል፤ ቃሉን ግን ሊለውጥ አይገባውም። የፉርጎ አምሳያ ሠሪም ሕጉ ይኸው ነው። ችግሩ ግን ከጸሐፊው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ነገር ሁሉ እኩል አያንስም።

ጉዳዩን በራሳችን መስመር እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር፣ ማለትም 1000 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው።

በዓለም ላይ እጅግ የተለመደው የባቡር አምሳያ ልክ አንድ ለ87 ነው። በዚህ ልክ 1435 ሚሊ ሜትር ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በገበያ የሚሸጠው የአምሳያ ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነው። የአንድ ሜትሩ ሐዲድ ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ ሠሪዎች በስምምነት የሚጠቀሙት 12 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትሩ ልዩነት በዓይን አይለይም፤ ይህ ይቅር የሚባል ነው። አንድ ሰው የአሮጌውን መስመር ፉርጎ፣ ሐዲዱ በቀላሉ ስለተገኘ ብቻ፣ በ16.5 ሚሊ ሜትሩ ላይ ቢያስቀምጠው ግን የምኒልክን ዘመን ሐዲድ በዛሬው ሐዲድ ተካው ማለት ነው። ሁለቱን መስመሮች የሚለየው ዋና ምልክት ይጠፋል።

ሁለተኛው ፈተና ውፍረት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፉርጎ ቆርቆሮ በልኩ ቢቀነስ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ በእጅ ሲነካ ይጨማደዳል። ሠሪው አንድ ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ሲጠቀም ደግሞ በእውነተኛው መጠን 87 ሚሊ ሜትር የሆነ ግድግዳ ሠራ ማለት ነው። መስኮቶቹ እንደ ድንጋይ ቤት መስኮት ወደ ውስጥ ገብተው የሚታዩት ስለዚህ ነው። ብልኅ ሠሪ መስተዋቱን እስከ ውጫዊው ገጽ አውጥቶ በመግጠም ዓይንን ከዚህ ስሕተት ያድናል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ርዝመት 87 ጊዜ ሲያንስ ይዘት ከ658 ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል። 20 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በሒሳቡ ቢሠራ 30 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ የቀለለ አምሳያ ሐዲዱን በቀላሉ ይስታል። በመሆኑም ሠሪዎች ከወለሉ ሥር ብረት ይጨምሩበታል። በክብደት ታማኝ ያልሆነው አምሳያ በአካሄዱ ታማኝ ይሆናል ማለት ነው።

አራተኛው ኩርባ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ኩርባ ሬዲየሱ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእውነተኛው መጠን 39 ሜትር ገደማ ነው፤ እውነተኛ የመንገደኛ ባቡር እንዲህ ባለ ኩርባ አይዞርም። ፋብሪካዎች ረጃጅም ፉርጎዎችን አሳጥረው የሚሸጡት ለዚህ ነው። ሲያሳጥሩ ግን አንዳንድ ጊዜ መስኮት ይቀነሳል፤ መስኮት ሲቀነስ የመቀመጫው ረድፍም ይቀነሳል።

ይህ የባቡር ብቻ ሕግ አይደለም። ከእናንተ መካከል የመንዝን የድንጋይ ቤት በአንድ ለ20 ልክ መሥራት የሚፈልግ ቢኖር፣ ክዳኑን በእውነተኛው የጓሳ ሣር ሊከድነው ይመኝ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር የሆነው ሣር በዚያ ልክ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት መስሎ ይታያል። እውነተኛው ሣር ሐሰተኛ ክዳን ይሆናል። ከሣሩ የቀጠነ ክር የተሻለ እውነት ይናገራል።

ከመጠን በላይ ደግሞ የዘመንና የአገልግሎት ታማኝነት አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን የመጣችውን ሊቶሪና ከ1909 ዓ.ም. ፉርጎዎች ጎን ያሰለፈ ሠሪ፣ እያንዳንዱን በልኩ ቢሠራም በአንድነታቸው ዋሽቷል። እንዲሁም በአሮጌው መስመር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረ። የሠሪ ልብ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎ ያዘነብላል፤ ያጌጠ ነውና። የሦስተኛው ማዕረግ ፉርጎ ካልተሠራ ግን ተራው መንገደኛ ከታሪኩ ይወጣል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያስቸኩል ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው የአሮጌው መስመር አገልግሎት በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቆሟል። ከፉርጎዎቹ የተረፉት በድሬዳዋ ግቢ ለዝገት ተጋልጠዋል፤ የጠገኗቸው ባለሙያዎችም አርጅተዋል። አብነቱ ሲጠፋ አምሳያው ራሱ አብነት ይሆናል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ስሕተት እንደ ታሪክ ይወረሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፉርጎዎቹ ሳይፈርሱ በሜትር ይለኩ፤ ሲነሡም መለኪያ ዘንግ ከጎናቸው ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሡ። ሁለተኛ፣ በፎቶግራፍ የማይታየውን፣ የመቀመጫውን አሠራር፣ የበሩን አከፋፈት፣ የቀለሙን ለውጥ፣ ከአረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ጠይቀን እንጻፍ። ሦስተኛ፣ በየአምሳያው ሥር አንዲት አጭር ጽሑፍ ትኑር፤ ልኩን፣ የሚወክለውን ዓመትና ሠሪው ዐውቆ የለወጠውን ትዘርዝር። ግድግዳው የወፈረ፣ ክብደቱ የተጨመረ አምሳያ ይህን በግልጽ ከተናገረ አያሳስትም። ባቡር አይቶ የማያውቀው ተማሪም የትኛውን ማመን እንዳለበት ከዚያች ጽሑፍ ይረዳል።