የድረ ገጽ ጓዳ፦ የይዘት አስተዳደር ሥርዓቶችና አመዛዘናቸው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ድረ ገጽ ማለት በኤችቲኤምኤል የተጻፈ አንድ ፋይል ማለት ነበር። ጽሑፉም፣ የፊደሉ ቀለምና መጠንም፣ ወደ ሌሎች ገጾች የሚያሸጋግሩት ማያያዣዎችም በዚያው ፋይል ውስጥ ተደባልቀው ይቀመጡ ነበር። 300 ገጾች ያሉት ተቋም በየገጹ ግርጌ ያሰፈረው ስልክ ቁጥር ቢለወጥበት 300 ፋይሎችን ማረም ግድ ይሆንበት ነበር።

የይዘት አስተዳደር ሥርዓት መነሻ ሐሳብ ይዘትን ከቅርጽ መለየት ነው። ጽሑፉ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ የገጹን መልክ ደግሞ ቴምፕሌት የተባለ ሌላ ፋይል ይወስናል። አንባቢ አንድን ገጽ ሲጠይቅ በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ጽሑፉን ከቋቱ አውጥቶ በቴምፕሌቱ ላይ ያሰፍርና ገጹን ያዘጋጃል። በመሆኑም ጸሐፊው ኮድ ሳያውቅ ይጽፋል፤ ሥርዓቱም ለማን ምን እንደተፈቀደ ይቆጣጠራል። ድሩፓል (2001)፣ ወርድፕረስ (2003) እና ጁምላ (2005) የዚህ ዓይነት ሥርዓቶች ናቸው። ሦስቱም በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፉ ሲሆኑ ኮዳቸውም ለማንም ክፍት ነው።

ከእነዚህ መካከል መራጩ ብዙውን ጊዜ የሚያማርጠው መልክን ነው። መልክ ግን በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ሊመዘን የሚገባው ሥርዓቱ በሚቀጥሉት ዓመታት ይዘቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2014 የድሩፓል የደኅንነት ቡድን በሰባተኛው የሶፍትዌሩ እትም ላይ ከባድ ጉድለት መገኘቱን ከነማስተካከያው ይፋ አደረገ። ጉድለቱ የተገኘው፣ የሚገርመው፣ ወደ መረጃ ቋቱ ጎጂ ትእዛዝ እንዳይሾልክ ለመከላከል በተጻፈው የኮድ ክፍል ውስጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡድኑ ሌላ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ7 ሰዓታት ውስጥ ያልታደሰ ድረ ገጽ ሁሉ እንደተደፈረ ሊቆጠር ይገባል የሚል ነበር። እነዚያ 7 ሰዓታት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነበሩ። ዘግይቶ ማደስ ሰርጎ ገቦች የተዉትን ድብቅ መግቢያ አይዘጋም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሌላ ተቀናቃኝ እንዳይገባባቸው ጉድለቱን ራሳቸው ጠግነውት ነበር! ስለዚህ ሥርዓት የሚመርጥ ተቋም አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በምሽት ቢመጣ ማን ያነበዋል? ፕለጊን የተባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሲበዙ ደግሞ በንቃት ሊጠበቅ የሚገባው በር ይበዛል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ሌላም ፈተና አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክቶች ስለሚወከል አንድ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ወርድፕረስ ከርዕስ ለሚወጣው አድራሻ የመደበው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ይህም ለ22 ፊደላት ብቻ ይበቃል። «በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ» ብሎ የሚጀምር ርዕስ አድራሻው «ፋኩል» ላይ ይቆረጣል። መፍትሔው አጭር አድራሻ በእጅ መጻፍ ነው። የፍለጋው ችግር ይከብዳል፤ ለኮምፒውተር «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና፣ ካልተነገረው በቀር አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም።

የመጨረሻው መመዘኛ መውጫው ነው። ከመወሰን በፊት ጥቂት ጽሑፎችን ከነሥዕላቸው አስገብቶ፣ መልሶ አውጥቶ፣ በሌላ ሥርዓት ላይ መጫን ይጠቅማል። ለምሳሌ ወርድፕረስ የሚያወጣው ፋይል ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ የሥዕሎቹን ግን አድራሻቸውን ብቻ ነው የሚይዘው። አሮጌው ሰርቨር ቀድሞ ከተዘጋ ሥዕሎቹም አብረው ይጠፋሉ።